ባለቤቱን ጠይቀሻል?

ጋሽ ማሴቦ ወደ ጌታ መሄዳቸውን የሰማሁት ሁምቦ ውስጥ፣ ተበላ ከተማ ሆኜ ነው። የገበያ ቀን ነበር። አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሰላል ላይ ቆሜ የስክሪን ገመድ ስጎትት ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ ነበሩ። «ትዕግስት፣ መምህሩ ጥሎን ሄደ» አሉኝ። «ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። እኔ ማጥፋት አላውቅበትም፤ ሌላ ሰውም እንዳይነካው ብያለሁ። አንቺ ነይና አጥፊው» አሉ።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ለአንዲት የሁምቦ እናት መልእክት ትቼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ ሶዶ እስክንደርስ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ዶሮ የታቀፉ ሴትዮ ምንም ሳይጠይቁኝ የነጠላቸውን ጫፍ አቀበሉኝ።

ጋሽ ማሴቦ ጠዋት ሱቃቸውን ከፍተው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያረፉት። ጠረጴዛው ላይ የተበላሸ የመመረቂያ ጽሑፍ ወረቀት ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ዝርዝር አለ። አሥራ አራት ነጥቦች ላይ የ«ልክ ነው» ምልክት አድርገዋል። አሥራ አምስተኛው ላይ ምልክት የለም፤ «የደወሉን ድምፅ ከየት አመጣው? ባለቤቱን ጠይቋል?» ይላል። የማያውቁት ሰው፣ የት አገር እንዳለ እንጃ፣ የላከውን የሰዓት ፕሮግራም እየገመገሙ ነበር። እሳቸው እንዳስተማሩኝ እያንዳንዱን መስኮት በየተራ ዘግቼ፣ ማሽኑን ሳልቸኩል አጠፋሁት።

ይኼ ግምገማ የሚባለው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በነፃ የሚሰጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ፤ ኮምፒውተርን የሚያስነሳውና የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም ማለት ነው። የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ይሠሩታል፣ ማንም ወስዶ ይጭነዋል፣ ለጎረቤቱም ይገለብጥለታል። እኛ አካባቢ ብዙ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አሮጌ ማሽኑን የሚያስነሳው በእሱ ነው። የሠራሽው ፕሮግራም እዚያ ውስጥ እንዲገባልሽ ከፈለግሽ ጠቅልለሽ ታቀርቢያለሽ፤ ጥቅሉን ፓኬጅ ይሉታል። ከዚያ ገምጋሚ ይመረምረዋል። እኛ ጋ አንድ ምእመን ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ ሲዛወር መሸኛ ደብዳቤ ይዞ ሽማግሌዎች ፊት እንደሚቀርበው በሉት። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ማን ይመሰክርልሃል። ጋሽ ማሴቦ ከነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ፣ ያለ ምንም ደመወዝ።

እኔ ይኼን የማውቅበት ምክንያት አልነበረኝም። እኔ የማውቀው የራሴን ነገር ነው። በሥራ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ፤ እሁድ እሁድ የመዝሙር ግጥም ስክሪን ላይ የማወጣው እኔ ነኝ። ግጥም ፍለጋ ስደናበር ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ መረረኝና «የመዝሙር ሰሌዳ» የሚባል ፕሮግራም ሠራሁ። የወላይትኛና የአማርኛ መዝሙሮች፣ መቶ አሥራ ሁለት፤ የመጀመሪያውን ቃል ስትጽፊ ግጥሙ ይመጣል። ሌሎች አጥቢያዎችም ፈለጉት። የመዘምራን ኃላፊያችን ወንድም ስምዖን፣ «ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ቢገባ እኮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያገኘዋል» አለኝ። ዓመታዊው ጉባኤ ሁለት ወር ነበር የቀረው። ለጉባኤው ይደርሳል ብዬ በምእመኑ ፊት፣ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

ፓኬጅ ስታቀርቢ የምትሞይው አንድ ፋይል አለ፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ነገር ባለቤቱ ማን ነው፣ እንዲገለበጥስ ፈቅዷል ወይ የሚል። ለፕሮግራሙ የራሴን ስም ጻፍኩ። ለመዝሙሮቹ ግን አሰብኩ፣ አሰብኩና በእንግሊዝኛ «ባለቤት፦ እግዚአብሔር» ብዬ ሞላሁ። ስጽፈው ልቤን ሞቅ ብሎት ነበር።

አትሳቁብኝ። እኛ ጋ መዝሙር የማን ነው ብለሽ ብትጠይቂ ማንም ይኼንኑ ነው የሚመልስልሽ። የዘመረው ሰው ራሱ «ጌታ ሰጠኝ» ይላል እንጂ «እኔ ደረስኩት» አይልም።

በሁለተኛው ቀን «ቀይ እስክሪብቶ» የሚል ቅጽል ስም ካለው ገምጋሚ በእንግሊዝኛ መልስ መጣ። «ፕሮግራሙ ጥሩ ነው፤ ሰባት ነጥቦች አሉኝ። አንደኛ፣ እግዚአብሔር ፈቃዱን የሰጠበት ደብዳቤ አልተያያዘም። እነዚህን መዝሙሮች መጀመሪያ የዘመሩ ሰዎች አሉ። ባለቤቶቹን ጠይቀሻል?»

ደሜ ፈላ። በረዶ ያለበት አገር፣ ጉልበቱ ላይ ድመት አስቀምጦ የሚጽፍ ፈረንጅ ነው የታየኝ። «በእናንተ አገር መዝሙር ገበያ የሚወጣ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ የእኛን አገር ግን አታውቀውም» ብዬ ጀምሬ፣ ዛሬ ለመድገም የማፍርበትን ሁሉ ጻፍኩለት። መልሱ አንድ መስመር ነበር። «ቀሪዎቹን ስድስት ነጥቦች መብራት ሲመለስ እልካለሁ።»

ይኼን ያነበብኩት ስልኬ ላይ ነው፤ የእኛም ቢሮ መብራት በዚያው ሰዓት ጠፍቶ ነበር። ነገሩ አላማረኝም። የት ነው ያለኸው ብዬ ጻፍኩ። አሁን መልሱ በአማርኛ መጣ። «መናኸሪያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለሁ። ማሽንሽን ይዘሽ ነይ።»

በሩን አውቀዋለሁ። ጉድ እኮ ነው፤ የኔን የመመረቂያ ጽሑፍ የጠረዙት እሳቸው ናቸው። ያኔም ሊጠርዙ ወረቀቱን ሲያስተካክሉ «ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ቁጥር የለውም» ብለው መልሰውኝ፣ በልቤ «ጠራዥ ነህ፣ ምን አገባህ» ብዬ ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ልጣላ ነው። ጋሽ ማሴቦ አጭር፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የመነጽራቸው አንዱ ክንድ ተሰብሮ በክር ነው የታሰረው፤ በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሰዋል፤ ጆሯቸው ላይ ቀይ እስክሪብቶ ሰክተዋል። ሁምቦና አካባቢው ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ተበላሽቶ የተጣለ ኮምፒውተር በዚያ በነፃው ሲስተም አስነስተው፣ ያጋጠማቸውን ስህተት ለሠሪዎቹ እየጻፉ ሲልኩ ሲልኩ፣ በመጨረሻ «አንተው ገምግምልን» ተባሉ።

«ፈረንጁ እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«የምትሰድቢኝ አንቺ ነሽ? ተቀመጪ» አሉኝ። «ትዕግስት ብሎ ስም ያወጣልሽ ማን ነው?»

«እናቴ።»

«ተስፋ አድርጋ ነው» አሉና ማሽኔን ተቀበሉኝ።

በዚያን ቀን አልሳቅኩም፤ ቂም ይዤ ነው የተቀመጥኩት። «ሰዉ ሁሉ የሚያውቀኝ የሶዶ ልጅ ነኝ፤ እንደ ሌባ መፈተሽ አለብኝ?» አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። «አንቺንማ አምናለሁ። የእናትሽንም ቤት አውቀዋለሁ። እኔ የምፈትሸው ለማያውቅሽ ሰው ነው። አንድ ሰው ሩቅ አገር ሆኖ ይቺን ሲጭን አንቺን አያውቅም። አንድ ሰው አይቶታል ብሎ ነው የሚጭነው። ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ካላየሁት ዋሸሁት ማለት ነው።»

አፈታተሻቸው የጉድ ነው። ባትሪው የሞተ፣ ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ያረጀ ማሽን ነበራቸው፤ ፕሮግራሜን እሱ ላይ ጫኑት። አንድ መዝሙር ከፈቱ፣ አንደኛው አንቀጽ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ነቀሉት። ጮህኩ። እሳቸው ተረጋግተው መልሰው ሰኩት። ማሽኑ እያቃሰተ ተነሳ፣ ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ የመዝሙሮቹን ዝርዝር ከመጀመሪያው አሳየ።

«ካቆመበት አልቀጠለም» አሉና ቀይ ኤክስ አደረጉበት።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የኔ ስህተት አይደለም። መብራት ነው።»

«ሶዶ ውስጥ መብራት መጥፋት የፕሮግራሙ ክፍል ነው። ሠርግ ላይ ቢሆን፣ ለቅሶ ላይ ቢሆን፣ ሰው ቆሞ አንቺ ከ'ሀ' ጀምረሽ ልትፈልጊ ነው?»

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንዱ ቦታ ላይ ስቸገር እሳቸው መፍትሔውን እንደሚያውቁት ከፊታቸው አይቻለሁ፤ እጃቸውን ግን አላስገቡም። «ካስገባሁ የኔም ሥራ ይሆናል። የራሱን ፈተና የሚያርም ተማሪ መቶ ነው የሚያገኘው» አሉኝ። ተናድጄ ሳኮርፍ የምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ፤ እትዬ ወርቄ የቀቀሉት ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ ከዳጣ ጋር ነበር። በርበሬው ዓይን የሚያስለቅሰውን ዳጣ ወደኔ ገፋ አድርገው፣ «ይቺ ለቁጣሽ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ከዚያ ምሳ ዕቃ በላሁ። ሥራሽ ልክ ሲሆን ምንም አይሉሽም፤ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ጫር ሲያደርግ ብቻ ነው የምትሰሚው። ያችን ድምፅ ለመስማት ስል እኔ፣ ለአለቃዬ እንኳ የማልታዘዝ ሴት፣ አንድ ገጽ አራት ጊዜ ጽፌ አውቃለሁ።

ስድስቱ ነጥቦች አለቁ። አንደኛው ቀረ። ወረቀት ይዤ የዘመሩትን ሰዎች ፍለጋ ወጣሁ። ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ ዞርኩ፤ እስከ ዱቦ ድረስ ሄድኩ። አብዛኞቹ «ለመዝሙርም ፊርማ ተጀመረ?» ብለው ሳቁና ፈረሙ። አንድ ሽማግሌ ወንጌላዊ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ፤ ፊርማውን ረሱት፣ እኔም ሳላስታውሳቸው ወጥቼ ሌላ ቀን ተመለስኩ። ባለቤታቸው ያልተገኘውን ጋሽ ማሴቦ እንዳወጣ አደረጉኝ። መቶ አሥራ ሁለቱ ሰባ ምናምን ላይ ሲደርሱ አንጀቴ ቅጥል አለ።

ሰው ሁሉ የሚወዳት አንዲት መዝሙር ነበረች፤ «ምንጩ ሩቅ ነው» የምትል። ወላይታ ውስጥ እሷን የማያውቅ የለም። ከዓመታት በፊት አንድ የታወቀ ዘማሪ በካሴት ያወጣት፣ ባለ ሦስት አንቀጽ ናት። ዘማሪውን አገኘሁት፤ ሻይ ጋብዞኝ በደስታ ፈረመልኝ። ጉባኤው አሥር ቀን ቀርቶታል። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሰማያዊው በር በረርኩ።

ጋሽ ማሴቦ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይቺን መዝሙር ካሴቱ ሳይወጣ ሰምቻታለሁ» አሉ። «ሁምቦ አዲስ መምህር ሆኜ የተመደብኩ ጊዜ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ይዘምሯት ነበር። አንዷ ናት የምታወጣው፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል።»

«ጋሼ፣ ፊርማ አለ እኮ።»

«አለ። የባለቤቱ ፊርማ ነው ወይ ነው ጥያቄዬ።»

ለመንኳቸው። ጉባኤው ይለፍና እናስተካክለዋለን አልኩ። «አንዴ ከገባ በየአገሩ ነው የሚገለበጠው፤ እዚያ ሁሉ ሄደሽ ትለቅሚዋለሽ?» አሉ። እንግዲያውስ እሷን አውጥተን ሌላውን እናስገባ አልኩ። «ማውጣት ትችያለሽ፤ ደንቡ ይፈቅድልሻል» አሉኝ። ይኼን ሲሉ ደስ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ግን መነጽራቸውን በሹራባቸው እየወለወሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «ሴትዮዋ በሕይወት ካለች እኮ አንድ ሰው ሊጠይቃት ይገባል» አሉ። ደግሞም ያችን መዝሙር ያልያዘ ሰሌዳ ይዤ ጉባኤ ፊት ብቆም መሳቂያ ነው የምሆነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ተበላ ወረድን፣ ከዚያ በእግር። የሁምቦ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ እሳቸው ሹራባቸውን አላወለቁም፣ አንድ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ አንድም ጊዜ «እንረፍ» አላሉም። ቦኖ ውሃ ጋ ጠየቅን፣ ቤተ ክርስቲያን ጠየቅን። በመጨረሻ ዛፍ ሥር ተቀምጠው በቆሎ የሚፈለፍሉ አንዲት እናት ጋ ወሰዱን። አዬ ሐና ይባላሉ። አዬ እኛ ጋ እናት ማለት ነው።

ጋሽ ማሴቦ «ሳሮ» ብለው በወላይትኛ ሰላምታ ሰጡ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ ስለ ከብቱ ጠየቁ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ከዚያ «አዬ፣ 'ምንጩ ሩቅ ነው' የምትለዋን መዝሙር ያውቋታል?» አሏቸው።

«የማያውቃት ማን አለ?»

«መጀመሪያ የዘመራት ማን ነው?»

የአዬ ሐና እጅ በቆሎው ላይ ቆመ። «ለምንድን ነው የምትጠይቀው?»

«ፈቃድ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ነኝ» አሉ። «ምንጩ ሩቅ በነበረ ጊዜ ነው። ይኼ ተራራ ያኔ ዛፍ አልነበረውም። እንስራ ተሸክሜ ስሄድ ሰጠኝ፤ ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ኋላ በሬዲዮ ሰማኋት። ደረሰች አልኩ።»

«አልተቆጡም?» አልኳቸው እኔ።

«በምን እቆጣለሁ? የጦሳ ናት እኮ።» ጦሳ በወላይትኛ እግዚአብሔር ነው። ጋሽ ማሴቦን «አዩ፣ እኔ ምን አልኩ» በሚል ዓይን አየኋቸው። እሳቸው ግን ወደ አዬ ሐና ጠጋ አሉ። «አዬ፣ የጦሳ መሆኗን እኔም አውቃለሁ። ለሰው ሲሰጣት ግን በማን እጅ ሰጣት?»

አዬ ሐና በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «በእኔ» አሉ። ያን ያህል ዕድሜ ያላት ሴት እንደ ልጃገረድ ስታፍር አይቼ አላውቅም።

ይፈቅዱልናል ወይ አልናቸው። ይፈቅዳሉ፣ ግን አንድ ነገር አላቸው። መዝሙሯ አራት አንቀጽ ናት፤ ካሴቱ ላይ አራተኛው ቀርቷል። «አራተኛውን ካልዘመሩ አይዘምሯት» አሉ። እኔ በልቤ እሺ በሏቸውና እንሂድ እላለሁ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊነሳ ነው። ጋሽ ማሴቦ ግን ፊታቸው ደነገጠ። በነፃው ሲስተም ሕግ ቅድመ ሁኔታ ያለው ነገር አይገባም። ማንም እንደወደደ ሊጠቀምበት፣ ሊቆርጠውም ሊቀጥለውም ነፃ መሆን አለበት።

«አዬ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም» አሉ። «አራተኛውን ከስምዎ ጋር እንጽፈዋለን። ሰው እንዲዘምረው ግን ማስገደድ አልችልም። ይኼ የማይሆንልዎ ከሆነ እምቢ ይበሉኝ፣ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።»

ባዶ እጃችንን ብንመለስ የኔ ጉባኤ አለቀ። ጋሽ ማሴቦን እጃቸውን በጥፍሬ ልቧጭራቸው ደርሼ ነበር። አዬ ሐና ተራራውን አዩ፣ እኛን አዩ። «ጻፉት ብቻ» አሉ። «የሚዘምር ይዘምረዋል።»

ጋሽ ማሴቦ ከሹራባቸው ኪስ የማኅተም ቀለም አወጡ፤ ከሱቅ ይዘውት መጥተዋል። የአዬ ሐናን አውራ ጣት ራሳቸው ይዘው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት፣ በመሐረባቸውም ጠረጉላቸው። አራተኛውን አንቀጽ አዬ ሐና እየተናገሩ እኔ ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ጆሮዬ ከመኪናው ጡሩንባ ጋር ስለነበር ቃሉን እንጂ ትርጉሙን አልሰማሁም።

ዘማሪውን መልሰን አነጋገርነው። «ሴቶች ሲዘምሩ ሰማኋት፤ ባለቤት ያላት አልመሰለኝም» አለ። እኔስ ፋይሉ ላይ የጻፍኩት ሌላ ነው እንዴ? ምን አፍ አለኝና እፈርድበታለሁ። የሰጠኝን ወረቀት በገዛ እጁ አስተካከለ።

ለጉባኤው ግን አልደረሰም። ሁለተኛ ገምጋሚ ከሌላ አገር ማየት ነበረበት፤ እሱ እስኪያይ ጉባኤው አለፈ። ምእመኑ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ወንድም ስምዖን ወር ሙሉ ሰላምታ ነፈገኝ፤ እኔ ደግሞ ሰማያዊውን በር ነፈግሁ። ሰውየው ሥራዬን አበላሹት ብዬ ለሰማኝ ሁሉ አወራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ላይ አንዲት ቃል መጣች። «ገብታለች።» ከሥሯ ሰባቱም ነጥቦች ላይ ቀይ ምልክት ያለበት ወረቀት ፎቶ አለ። በምሳ ሰዓት ሄድኩ። «ጋሼ፣ አመሰግናለሁ» አልኳቸው። «የፕሮግራሙ መግለጫ ላይ አንድ ቦታ አራት ነጥብ ተደርባለች፤ አስተካክያት» አሉና ዳጣውን ወደኔ ገፉት።

ይኼ ሰውዬ ምን እንደሰጡኝ ስናገር አላፍርም። የማላውቀውን ሰው ማክበር ነው የሰጡኝ። ዛሬ እኔም እገመግማለሁ፤ የላከልኝን ሰው ፊት አላውቀውም፤ ግን ከጠረጴዛው ማዶ እንደተቀመጠ አድርጌ ነው የማነበው። እሳቸውን ባላገኝ ኖሮ ምላሴና ችኮላዬ የት ያደርሱኝ እንደነበር አውቃለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ከማፍሰሴ በፊት ነው የያዙኝ።

አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላኝ ነበር። መዝሙሯ ሰሌዳው ላይ አራት አንቀጽ ሆና ተቀመጠች፣ ከሥሯ «ሐና፣ ሁምቦ» ይላል፤ ሰው ግን የለመደውን አይተውም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ የእኛ መዘምራን ሦስተኛው ላይ ያቆማሉ። እኔም አራተኛውን ሳላወጣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ጋሽ ማሴቦ ከኋላ ወንበር ያዩኛል፣ ምንም አይሉም። አላስገድድም ብለዋላ።

የቀብራቸው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ውጭ ድረስ ሰው ቆሟል፤ ግማሹ ተማሪያቸው ነው። እትዬ ወርቄ «የውሃዋን ዘምሩለት» አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ እኔ ነኝ፤ የአጥቢያችን ማሽን ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። አንደኛው አንቀጽ፣ ሁለተኛው፤ ሦስተኛው መሃል ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ፣ ማይኩ ዝም አለ። ሕዝቡ ግን በቃሉ ያውቀዋል፤ ሦስተኛውን ጨረሰና እንደ ልማዱ አቆመ። ፓስተሩ ለመናገር ከወንበራቸው ተነሱ።

ያን ጊዜ መብራት መጣ። ማሽኑ እያቃሰተ ተነሳ፣ ፕሮግራሙ ተከፈተ። ከ'ሀ' አልጀመረም። ካቆመበት፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆመ። ፓስተሩ ማይኩ ጋ ደርሰዋል። ጣቴን ወደ ቀጣዩ አንቀጽ ቁልፍ ሰደድኩ። ተጫንኩት።

አራተኛው ወጣ። ሰው አነበበው፤ ማንም ግን እንዴት እንደሚዘመር አያውቅም። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ ብቻውን ጀመረ። አዬ ሐና ነበሩ፣ በምራታቸው ክንድ ተደግፈው። መልእክቴ ደርሷቸዋል። የሚዘምሩት በወላይትኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል።

ከእንስራዬ ጠጥተው፣ ስሜን ሳይጠይቁ፣
መንገደኞች ሁሉ አለፉ፣ ራቁ፤
አንተ ግን ቆምክልኝ በፀሐዩ መሃል፣
«ልጄ፣ ስምሽ ማን ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛል።

ፓስተሩ ቆመው ሰሙ። አዬ ሐና ሁለተኛ ሲዘምሩት እትዬ ወርቄ ተቀበሏቸው፣ ከዚያ መዘምራኑ፣ ከዚያ አዳራሹ፣ ከዚያ ውጭ የቆመው። እኔ አልዘመርኩም፤ አልቻልኩም።

ከቀብር ስንመለስ አዬ ሐና እጄን ያዙ። «ያ ሰውዬ ማስገደድ አልችልም ነበር ያለኝ» አሉ።

«አዎ፣ አዬ።»

«አላስገደደም» አሉና እጄን ሳይለቁ እስከ መናኸሪያው ሄድን።

በሳምንቱ እትዬ ወርቄ ሰማያዊውን በር ከፈቱልኝ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩና አሥራ አምስተኛውን ጥያቄ ለዚያ ለማላውቀው ሰው ላክሁለት፤ ባለቤቱን ጠይቀሃል ወይ ብዬ። ከሥሩ ገምጋሚው ማን እንደሆነ መጻፍ አለብኝ። ከአንደኛው እስከ አሥራ አራተኛው ነጥብ የፈተሹት ማሴቦ ናቸው፣ አሥራ አምስተኛው የኔ ነው ብዬ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት ግን ዞር አልኩና ስማቸውን እዚያ ላይ እንድጽፍ እትዬ ወርቄን ፈቃድ ጠየቅኳቸው።